አይቶ እንዳላየ ማለፍ

እንግሊዞች ሰውን አቃልለው ለመግፋት ያከማቿቸውን ቃላት የመረመረ ሰው አስቀድሞ የሚያስተውለው፥ አብዛኞቹ ስድብን ሳይሆን ዝምታን የሚሰይሙ መሆናቸውን ነው። ተሳዳቢ ምንም ቢከፋ የተሰዳቢውን መኖር ይመሰክራል፤ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ግን ይህችኑ ምስክርነት ይነፍገዋል። በለንደን መኳንንት ዘንድ በአደባባይ የተሰነዘረ ስድብ እስከ ሽጉጥ ግጥሚያ ሊያደርስ በሚችልበት በዚያ ዘመን፥ ጨዋነቱን ሳያጎድፍ ባላንጣውን ሊወጋ የፈለገ ሁሉ ከአንደበቱ ይልቅ በዓይኑ መጠቀምን መረጠ ቢባል ከእውነት የራቀ አይመስለኝም።

«ስነብ» ማለትም አቃልሎ መግፋት የሚለው ቃል ከጥንቱ የሰሜን አውሮፓ የኖርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፥ የቀድሞ ፍችው መገሠጽ፥ በአጭሩ ማስቀረት ነበር። «ቀዝቃዛ ትከሻ መስጠት» የሚሉትን ደግሞ ዋልተር ስኮት በ1816 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ እናገኘዋለን፤ ላልተፈለገ እንግዳ የቀዘቀዘ የበግ ወርች ይቀርብለት ስለ ነበር ነው የሚለውን ጣፋጭ ተረት የቃላት ታሪክ መርማሪዎች አይቀበሉትም።

ከሁሉ የረቀቀው ግን «ከት» ማለትም መቁረጥ የተባለው ነው። በ1811 ለንደን ውስጥ የታተመ አንድ የአራዳ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ይህን ሥራ በአራት ማዕርግ ከፍሎ ይተነትነዋል፤ የሚጠሉት ሰው ሲመጣ መንገዱን ተሻግሮ መሄድ ቀጥተኛው፥ ፊትን ወደ ሌላ አዙሮ ማለፍ ተዘዋዋሪው፥ ሰውየው እስኪያልፍ ድረስ የካምብሪጅን የኪንግስ ኮሌጅ ቤተ ጸሎት ጕልላት ወይም የደመናውን ውበት እያደነቁ መቆም የልዕልናው፥ ጐንበስ ብሎ የጫማን ማሰሪያ መመርመር ደግሞ የሲኦሉ መቁረጥ ይባላል። ዓይን ወደ ሰማይ ሲያርግ ልዕልና፥ ወደ ምድር ሲወርድ ሲኦል መባሉ የተማሪ ቀልድ ሳይሆን አይቀርም፤ ሆኖም የነገሩን ምሥጢር ይገልጣል። የተቆረጠው ሰው ቢቈጣ ቈራጩ «ደመና አይ ነበር» ከማለት በቀር የሚጠየቅበት ነገር የለውም።

በዚህ ጥበብ ስሙ የተነሣ ቢኖር ቦ ብረመል ነው። የመኳንንት ዘር ሳይሆን በአለባበሱ ብቻ የለንደንን ታላላቆች ያስገበረው ይህ ሰው፥ በአባቱ ሕመም ምክንያት መንግሥቱን በእንደራሴነት ይመራ የነበረው አልጋ ወራሽ የቅርብ ወዳጅ ነበር። ወዳጅነታቸው ከቀዘቀዘ በኋላ፥ በ1813 በተደረገ ግብዣ ላይ ልዑሉ ከብረመል አጠገብ የቆመውን ሎርድ አልቫንሊን ሰላም ብሎ ብረመልን በዝምታ አለፈው፤ ብረመልም ድምፁን ሳይቀንስ፥ ያ ወፍራም ወዳጁ ማን እንደ ሆነ አልቫንሊን ጠየቀው። ልዑሉ ያላወቀ መስሎ ስላለፈው፥ እርሱም የመንግሥቱን አልጋ ወራሽ ያላወቀ መሰለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዕዳ አሳድዶት ወደ ፈረንሳይ ሸሸ፤ በ1840ም በካን ከተማ በድኽነት ሞተ።

ዛሬ ጐልማሶች የስልክ መልእክትን ሳይመልሱ ድንገት ከሰው ሕይወት መሰወርን ከመንፈስ ስም አውጥተው «ጎስቲንግ» ይሉታል፤ እኔ ግን ቢያንስ መንገድ ተሻግሮ የሚሄደውን እመርጣለሁ፤ እርሱ እግሩን ያደክማልና።

አንድ ሰው አንዱን ሲቈርጥ ነገሩ በሁለቱ መካከል ይቀራል፤ ማኅበር ሲቈርጥ ግን ፍርድ ይሆናል። «ወደ ኮቬንትሪ መላክ» የሚለው አነጋገር፥ በ1640ዎቹ የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት የተማረኩ የንጉሡ ወገኖች የፓርላማው ደጋፊ ወደ ነበረችው ወደ ኮቬንትሪ ከተማ ከመላካቸው ጋር ሲያያዝ የኖረ ነው፤ በኋላም በጦር መኰንኖች፥ በተማሪዎችና አድማ ባፈረሰ ባልደረባቸው ላይ ባኰረፉ ሠራተኞች ዘንድ፥ አንድን ሰው ማንም እንዳያነጋግረው መወሰን ማለት ሆነ። የቤተ ክርስቲያን ውግዘት በስም ተጠርቶ በአደባባይ ይነበባል፤ የኮቬንትሪው ግን አይነበብም፥ ተቀጪው ከሰላምታ መጥፋት ይረዳዋል እንጂ።

ይህ የጌቶች መሣሪያ ወደ ድኆች እጅ የተሻገረው በአየርላንድ ነው። መስከረም 19 ቀን 1880 አየርላንዳዊው የፖለቲካ መሪ ቻርልስ ፓርነል በኤኒስ ከተማ ለተሰበሰቡ ጭሰኞች ሲናገር፥ ጎረቤቱ የተነቀለበትን መሬት የሚይዝ ሰው ምን ይደረግ ብሎ ቢጠይቅ፥ ይገደል የሚል ጩኸት ከሕዝቡ መካከል ተሰማ። እርሱ ግን ከዚህ የተሻለና ክርስቲያናዊ የሆነ መንገድ አለ ብሎ፥ በጐዳናና በገበያ፥ በሱቅና በጸሎት ቤት ሳይቀር እንደ ጥንቱ ለምጻም ተለይቶ እንዲተው መከራቸው።

ምክሩ ወዲያው የወደቀው በማዮ አውራጃ የሎርድ ኧርን መሬት ወኪል በነበረው በካፒቴን ቻርልስ ቦይኮት ላይ ነው። አገልጋዮቹ ትተውት ሄዱ፤ ባለሱቅ አልሸጥለትም አለ፤ ሰብሉን የሚሰበስብለት ጠፋ። ከካቫንና ከሞናሃን 50 በጎ ፈቃደኞች ሊያጭዱለት በመጡ ጊዜ ከ1,000 የሚበልጡ ፖሊሶችና ወታደሮች ጠበቋቸው፤ 500 ፓውንድ ያህል የሚያወጣውን ሰብል ለመሰብሰብ በትንሹ 10,000 ፓውንድ ወጣ ተባለ። ጄምስ ሬድፓዝ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ እንደ ጻፈው፥ ለዚህ ቅጣት ስም ሲፈልጉ፥ አቴናውያን በሸክላ ስባሪ ላይ ስሙን ጽፈው ሰውን ለ10 ዓመት ከሚያግዙበት ሥርዓት የመጣው «ኦስትራሲዝም» ለገበሬው አይገባውም ተባለና፥ የአጥቢያው ካህን ጆን ኦማሊ የወኪሉን ስም ራሱን ግሥ እናድርገው አሉ። ያ ዓመት ሳያልቅ ቃሉ በጋዜጦች ላይ ወጥቶ ነበር፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ፈረንሳዮቹና ጀርመኖቹ ተዋሱት።

ቦይኮት ቤቱን ለቆ ሲወጣ የሚነዳለት ሰረገላ ነጂ በማጣቱ በጦር ሠራዊቱ ሰረገላ ተወሰደ። በተከታዩ ዓመት ወደ አሜሪካ በመርከብ ሲሻገር በመንገደኞች መዝገብ ላይ ያስጻፈው ስም ቻርልስ ከኒንግሃም የሚል ነበር።