ባይራን እንወቀው

የሉሲን ስም የማያውቅ የፒያሳ ልጅ አላጋጠመኝም። ባይራን የሚያውቅ ግን ከስንት አንድ ነው፤ ይኼ ይቆጨኛል። ከአፍሪካ ጥንታዊ ሰዎች ሙሉ ዘረመሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበለት እሱ ነውና።

ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት በጋሞ ደጋ የኖረ፣ በአደንና በለቀማ የሚተዳደር ጎልማሳ ነበር። የተቀበረበት ዋሻ ሞታ ይባላል (የጎጃሟ ሞጣ አይደለችም፤ ጋዜጠኞች እባካችሁ!)። አጥኚዎቹን፣ ጆን አርተርንና ካትሪን አርተርን፣ ወደ ዋሻው የመሯቸው የጋሞ ሽማግሌዎች ናቸው። አጽሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ተቆፍሮ ወጣ፤ ውጤቱ በ2015 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ታተመ። ሙቀት ዲኤንኤን ያበላሻል፤ የደጋው ብርድና የውስጥ ጆሮን የሚከልለው ጠጣር አጥንት ግን ጠበቁልን።

ዛሬ ካሉ ሕዝቦች ለባይራ እጅግ የቀረቡት የደቡብ ኢትዮጵያዎቹ አሪዎች ሆነው ተገኙ። ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአሪ ዘንድ ቀጥቃጭና ገበሬ ሳይጋቡ ኖረዋል፤ ቀጥቃጩም የተናቀ ነበር። የሁለቱ ዘረመል በኮምፒውተር ሲነጻጸር ፈጽሞ የተለያዩ ዘሮች መስለው ታዩ። ስለዚህ ቀጥቃጮቹ የጥንቶቹ አዳኞች ቅሪት፣ ገበሬዎቹ ደግሞ ኋላ የመጡ እንደሆኑ የገመቱ ነበሩ። በዚያው በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ነገሩን ገለበጠው። ጥቂት ሰዎች ከሌላው እንዳይጋቡ ሲከለከሉ እርስ በርሳቸው ብቻ ይወልዳሉ፤ በአጋጣሚ የሚፈጠሩ ጥቃቅን ልዩነቶችም ከትውልድ ትውልድ ይከማቻሉ። ኮምፒውተሩ ያየው ይህን ክምችት ነው። አጥኚዎቹ ይህን ከግምት አስገብተው ሲያሰሉት የሁለቱ ምንጭ አንድ ሆነ። የተለያዩትም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ነው። መገለሉ ልዩነቱን ወለደው እንጂ ልዩነቱ መገለሉን አልወለደም።

ፒያሳ፣ ወርቅ ቤቶቹ አጠገብ ማኪያቶ እየጠጣን አንድ ወዳጄ «ቀጥቃጭ እኮ ዘሩም ሌላ ነው፤ ሳይንስ አረጋግጦታል» አለኝ። «አንተ፣ የጋብቻ ቀለበትህን የሠራልህ አንጥረኛስ የማን ልጅ ነው?» አልኩት። ጥናቱን እስከ መጨረሻው ሳያነቡ የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጉዳት ያደርሳሉ። የዘረመል ውጤትን እንደ ቦታ ካርታ እያውለበለቡ «ቀድመን የመጣነው እኛ ነን» የሚሉትም እንዲሁ።

ስለ ባይራ «ሳይንስ» ላይ የወጣው የመጀመሪያው ጽሑፍ ራሱ እርማት አለው። ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከምዕራብ እስያ የተመለሱ ሰዎች ዘር መላ አፍሪካን አዳርሷል ብሎ ነበር። በ2016 መጀመሪያ ግን ጸሐፊዎቹ በስሌቱ አንድ እርምጃ እንደተዘለለ ገለጹ። የምሥራቅ አፍሪካው ጸና፤ የምዕራቡና የመካከለኛው ቀረ። ያልታረመውን እስካሁን የሚያስተምሩ መምህራን እርማቱን ያንብቡ።

በ2022 «ኔቸር» ላይ የታተመ ጥናት ደግሞ ከታንዛኒያ፣ ከማላዊና ከዛምቢያ የተገኙ ጥንታዊ አዳኞችን መርምሯል። የዘር ምንጫቸው ሦስት ሲሆን፣ አንደኛው የባይራ ወገን ነው።