ስለ አውቶሞቢል የፊት መብራት አምፑል አመራረጥ

ምሽት ላይ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው ጎዳና፣ ኦሎምፒያ አጠገብ ቆሞ የሚመለከት ሰው የመኪናዎቹ መብራት እንዴት የተለያየ እንደሆነ በቶሎ ይረዳል። አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ነጭ፣ ሦስተኛው ሰማያዊ የመሰለ ነው፤ ከእነዚህም አንዳንዱ የእግረኛውንና ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጭበረብራል። ጥፋቱ የሾፌሩ ብቻ አይደለም፤ አምፑሉን ያስመጣውና የሸጠው ነጋዴም ድርሻ አለበት።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ ቀድሞ የገቡትን እየጠገኑ መንዳት ግድ ሆኗል። ስለሆነም የአምፑል ንግድ ከፍ ያለ ጥንቃቄ ያሻዋል።

ደንበኛ ሱቅ ገብቶ «የቪትዝ አምፑል» ቢል፣ ባለሱቁ በመኪናው ስም ብቻ ተመርቶ ሊሰጠው አይገባም፤ በአንድ ስም የሚጠራ መኪና እንደ ተሠራበት ዘመንና እንደ ተሠራለት አገር የተለያየ አምፑል ይይዛልና። የሚበጀው የተቃጠለውን አምፑል ተቀብሎ በላዩ የተጻፈውን ማንበብ ነው። ኤች 4 የተባለው ሁለት ሽቦ ስላለው ረጅሙንም አጭሩንም መብራት ይሰጣል፤ ኃይሉም 60 እና 55 ዋት ነው። ኤች 7 አንድ ሽቦ ብቻ ያለው፣ 55 ዋት ነው። ጋራዦች ፎግ ላይት ለሚሉት የጉም መብራት ከሚያገለግሉት ውስጥ ኤች 8 ባለ 35፣ ኤች 11 ባለ 55 ዋት ሲሆኑ፣ መልካቸው ስለሚቀራረብ በችኮላ ይምታታሉ።

ቀጥሎ የሚታየው ቮልቱ ነው። የቤት መኪና በ12 ቮልት፣ ትልልቁ የጭነት መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ በ24 ቮልት ይሠራል። የ12ቱ በ24 ላይ ቢገባ ወዲያው ይቃጠላል፤ የ24ቱ በ12 ላይ ቢገባ ደብዝዞ ይቀራል።

ብዙዎች «ጠንከር ያለ» እያሉ 100 ዋት ይጠይቃሉ። በ12 ቮልት 55 ዋት የሚስበው 4.6 አምፔር ያህል ሲሆን፣ 100 ዋት ግን ከ8 አምፔር በላይ ይስባል፤ በመስመሩ ሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀትም ከሦስት እጥፍ ያልፋል። ሶኬቱ ሲቀልጥ ደንበኛው የሚመለሰው ወደ ሻጩ ነው። ሰማያዊ ቀለም የተቀባውም ዘመናዊ ቢመስልም ቀለሙ ከብርሃኑ ይቀንሳል። ኤል ኢ ዲ ደግሞ ለተራ አምፑል በተሠራ ፋና ውስጥ ሲገባ፣ ብርሃኑ ከቦታው ስለማይነሣ ወደ ላይ ይበተናል።

የዚህ ጉዳት በጣርማ በር ይታያል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚያ የደሴ መንገድ ጉም ሲወርድ፣ ወደ ላይ የተበተነ ብርሃን ከጉሙ ላይ ተመልሶ በሾፌሩ ፊት ነጭ ግድግዳ ይሆንበታል። የጉም መብራት ዝቅ ብሎ የሚተከለውና ጨረሩ በስፋት እንጂ ወደ ላይ የማይሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ፋናውን ከነመስተዋቱ የሚያስመጡ ነጋዴዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ያስተውሉ። ኢትዮጵያ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ በኩል ትነዳለች። እንደ ጃፓን በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ ፋና አጭር መብራቱን ወደ ግራ ከፍ አድርጎ ስለሚጥል፣ እዚህ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል፤ አምፑል በመለወጥም አይታረምም።

አስመጪው ከማዘዙ በፊት አምፑሉ ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈውን የላቲን «ኢ» ፊደልና ቁጥር ይፈልግ፤ ይህም በተባበሩት መንግሥታት ደንብ መሠረት የጸደቀ ዕቃ መሆኑን ሲያመለክት፣ ቁጥሩ ያጸደቀውን አገር ያሳያል፤ 1 ቁጥር ለምሳሌ ጀርመን ናት። ምልክቱ ተመስሎ ሊታተም ስለሚችል ግን የላኪውን ማንነት ማጣራት አይቀርም።

ቸርቻሪውም ሁለቱን አምፑል በአንድነት መለወጥ እንደሚሻል፣ መስተዋቱን በባዶ እጅ መንካትም የጣት ቅባት ዕድሜውን እንደሚያሳጥረው ለገዢው ይንገር። ትክክለኛውን አምፑል የሸጠ ነጋዴ ከጥቂት ብር ትርፍ በላይ ደንበኛውን ያተርፋል፤ በጨለማ ከፊት ለሚመጣውም መንገደኛ ደኅንነት የበኩሉን ያደርጋል።