ቃል የማይጠይቀው ደጅ፤ የዩኒቨርሲቲ ምደባ፣ ቃለ መጠይቅና ነፃ የትምህርት ዕድል

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ቃለ መጠይቅ ማለት አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ወይም ነፃ የትምህርት ዕድል የሚሰጥ አካል አመልካቹን ከመቀበሉ በፊት በአካል ወይም በቪዲዮ ጥሪ አቅርቦ፣ ከመልስ ወረቀት ላይ የማይነበበውን አስተሳሰቡን፣ ዓላማውንና አንደበቱን የሚመዝንበት ንግግር ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ግን ይህ ንግግር ከጥቂት ሙያዎች በስተቀር ቦታ የለውም፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በአብዛኛው ውጤቱና ምርጫው ታይቶ ሲመደብ በመሆኑ፣ ከትምህርት ቤቱ ዴስክ ተነሥቶ እስከ ዶርሙ አልጋ ድረስ «ለምን ይህን ትምህርት መረጥህ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው አይገጥመውም።

ይህን አሠራር ቀረብ ብሎ ለማየት በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ምቹ ስፍራ ነው። ቃሊቲ ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ጉምሩኩ፣ የጭነት መኪናው ሰልፍ፣ መናኸሪያውና ማረሚያ ቤቱ ሲሆን፣ አቃቂ ደግሞ በጨርቃ ጨርቅና በብረታ ብረት ፋብሪካዎቹ ይታወቃል። ይሁንና በ2003 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ግቢም ያለው በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ በቂሊንጦ አካባቢ ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በኢንጂነሪንግና በተግባራዊ ሳይንስ ላይ እንዲያተኩሩ ከሌሎቹ ተለይተው የተደራጁ ሲሆን፣ ብሔራዊውን ፈተና ያለፉ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን በጋራ የመግቢያ ፈተና እንደገና አጣርተው በመቀበል ይታወቃሉ።  ሁለተኛ ማጣሪያ ተብሎ የተጨመረው እንግዲህ ሌላ ፈተና እንጂ ቃለ መጠይቅ እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

የመጀመሪያው ማጣሪያ፣ ማለትም ሕዝቡ ዛሬም በአሮጌ ስሙ «ማትሪክ» የሚለው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ መልኩን ቀይሯል። ስርቆትንና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢ እያደሩ እንዲፈተኑ በተደረገበት በዚያ የመጀመሪያ ዙር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶው 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። የ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት 3.2 በመቶ፣ የ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ የ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኖ ቀስ እያለ ቢያድግም፣ ከአንድ መቶ ተፈታኝ ዘጠና የሚበልጠው አሁንም ከዚህ የግማሽ ነጥብ ማለፊያ መስመር በታች ነው። ለመስመሩ ከቀረቡት ከፊሎቹ «ሬሚዲያል» በተባለው የማካካሻ ትምህርት ቆይተው እንደገና ይፈተናሉ። እነዚህ አኃዞች የተማሪውን ስንፍና ሳይሆን ለዓመታት በኩረጃ ተሸፍኖ የኖረውን የትምህርት ቤቶች ድካም የሚያሳዩ ናቸው ማለት ይበልጥ ለእውነት የቀረበ ነው።

መስመሩን ያለፈው ተማሪ ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል መርጦ በኢንተርኔት ይሞላል፤ ኮምፒዩተሩም ከ600 ያገኘውን ነጥብ ከሌሎች ተማሪዎች ነጥብና ከየዩኒቨርሲቲው የመቀበል አቅም ጋር አገናዝቦ ይመድበዋል። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ትምህርት ዘግይቶ ለተስፋፋባቸው ክልሎች ልጆች ልዩ ድጋፍ የሚደረግ ሲሆን፣ የጤና ችግር ያለባቸው፣ እመጫቶችና አብረው መመደብ የሚፈልጉ መንትዮችም ጉዳያቸውን በማስረጃ አስደግፈው ያመለክታሉ። መንታነት የሚጠየቅበት፣ ዓላማ ግን የማይጠየቅበት ምደባ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነፃ የትምህርት ዕድል የሚባለው ነገር ምን እንደሆነም መታወቅ አለበት። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ ሲገባ ገንዘብ ባይጠየቅም፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው የወጪ መጋራት፣ በተለምዶ «ኮስት ሼሪንግ» በሚባለው ውል መሠረት፣ ከትምህርቱ ወጪ የተወሰነውን ድርሻ እንዲሁም የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ በየወሩ እየተቆረጠ ለመክፈል ይፈርማል። ስለዚህ ምደባው ራሱ ትልቁ የችሎታ ሽልማት ነው፤ በ600 ውስጥ የተገኘው ነጥብ ለብዙው የቃሊቲ ቤተሰብ ሊደረስበት የሚችል ብቸኛው ስኮላርሺፕ ሲሆን፣ እሱም ቢሆን ከፊሉ ብድር ነው።

ቃለ መጠይቅ በአገር ውስጥ የሚገኘው እጅና ጆሮ በሚፈተኑበት ዳር ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያሉት በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አመልካቹን ሣል፣ ዘምር፣ ተጫወት እያሉ በተግባር ያዩታል፤ ያነጋግሩታልም። ከዚያ ውጭ ያለው ዘመናዊ ትምህርት ዝምታን የለመደ ነው። ይህ ዝምታ ግን ከአገሩ ባህል የተወረሰ አይደለም፤ በቅኔ ቤት ተማሪው ሲያውጠነጥን የቆየውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቆሞ በቃሉ ይነግራል፣ መምህሩም እዚያው ይነቅፉለታል፣ ያርሙለታል፣ ወይም ያደንቁለታል፤ የቃል ፈተና በዚህ ምድር ከወረቀት ፈተና እጅግ የቀደመ ነው። የምርጫ ጥያቄ መልስ ማጥቆር የገባው በኋላ ነው።

የቃሊቲ ተማሪ ቃለ መጠይቅን አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገኘው ወደ ውጭ አገር ሲያመለክት ሲሆን፣ እዚህ ላይ ሁለት ቃላት መለየት አለባቸው። በችሎታ የሚሰጥ ዕድል የአመልካቹን ውጤትና ተስፋ አይቶ፣ ወላጁ ሀብታም ይሁን ድሃ ሳይጠይቅ የሚሸልም ነው፤ በችግር ላይ የተመሠረተ ድጋፍ ግን በመጀመሪያ ተማሪውን ተቀብሎ፣ ቀጥሎ የቤተሰቡን ገቢ አስልቶ የጎደለውን የሚሞላ ነው። ብዙ ኢትዮጵያዊ ወላጅ «ሀርቫርድ ስኮላርሺፕ ሰጠው» ሲባል የነጥብ ሽልማት ይመስለዋል፤ እንደ ሀርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ያሉት የአሜሪካ «አይቪ ሊግ» ዩኒቨርሲቲዎች ግን በችሎታ ብቻ የሚሰጥ ገንዘብ የላቸውም፤ የሚሰጡት ሁሉ የቤተሰብ አቅም ታይቶ ነው። ከእነዚህ መካከል እንደ ሀርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን፣ ከእነሱም ውጭ እንደ ኤምአይቲ ያሉት፣ የውጭ አገር አመልካችም ቢሆን የመክፈል አቅሙን ሳያዩ ይወስናሉ፤ ከተቀበሉት በኋላም ጉድለቱን ይሸፍናሉ። ለፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ በሩ ግን ጠባብ ነው።

በእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ቃለ መጠይቁን የሚያደርገው ብዙ ጊዜ በፈቃደኝነት የሚያገለግል የቀድሞ ተመራቂ ሲሆን፣ ጭውውቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ገደማ ከቆየ በኋላ አጭር ሪፖርት ይጽፋል። ሪፖርቱ ከትራንስክሪፕቱ፣ ከመምህራን የድጋፍ ደብዳቤና ከተማሪው ድርሰት ጋር ይነበባል እንጂ ብቻውን አይወስንም፤ ቃለ መጠይቅ አድራጊ ስላልተገኘለት የቀረበት አመልካችም በዚህ ምክንያት እንደማይጎዳ ዩኒቨርሲቲዎቹ ይናገራሉ።

የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ መንገድ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ስለሆነ ለንጽጽር ይጠቅማል። የመጀመሪያ ዲግሪ አመልካች ማመልከቻውን የሚያስገባው አዲስ አበባ ላለው የጃፓን ኤምባሲ ነው፤ ኤምባሲው ሰነድ አጣርቶ ለጽሑፍ ፈተና ይጠራል፣ ከዚያ ቃለ መጠይቅ ያደርጋል፣ ያመነባቸውንም ለቶኪዮ ያቀርባል፤ የመጨረሻው ውሳኔ የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ አመልካች ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ጃፓንኛና እንደ ዘርፉ ከኬሚስትሪ ጋር ፊዚክስ ወይም ባዮሎጂ ይፈተናል፤ ጃፓንኛ የማያውቅም ወረቀቱ ፊት መቀመጥ ግዴታው ነው። ያለፉት ዓመታት የፈተና ወረቀቶች በኢንተርኔት በነፃ ስለሚገኙ፣ የሒሳቡ ጥያቄ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ምን ያህል እንደሚርቅ አስቀድሞ ማየት ይቻላል። የተመረጠው ሰው የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፣ የአውሮፕላን ትኬቱ ይቆረጥለታል፣ በወር 117,000 የን ይሰጠዋል፤ በአብዛኛው ዘርፍ የመጀመሪያው ዓመት ቋንቋ የሚማርበት በመሆኑ አምስት ዓመት ይቆያል። ከአንድ አገር የሚያልፉት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የሀንጋሪ መንግሥት በ2013 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የጀመረው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩምም ኢትዮጵያን ከአጋር አገሮቹ የሚቆጥር ሲሆን፣ በዚያ ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ራሱ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ፣ ብዙ ጊዜም በቪዲዮ ጥሪ ነው።

ከእነዚህ መንገዶች በብዙዎቹ ቃለ መጠይቅ የሚመጣው ከማጣሪያ በኋላ ስለሆነ፣ ደካማ ውጤትን የሚያነሣ ሳይሆን ነጥባቸው የተቀራረበ ሰዎችን የሚለይ ሚዛን ነው። ኢትዮጵያዊው አመልካች በዚህ ሚዛን ላይ የሚቀልለው ዕውቀት አንሶት ላይሆን ይችላል። በጨዋ ቤት ያደገ ልጅ ታላቅ ሰው ፊት ዓይኑን ሰበር አድርጎ፣ ሲጠየቅ ብቻ፣ ያውም ባጭሩ እንዲመልስ ተምሯል፤ ስለ ራሱ ማውራት ጉራ መሆኑም ተነግሮታል። ጠያቂው ደግሞ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ብሎ ይጀምራል። የሃያ ዓመት አስተዳደግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለበጣል።

አንድ ምሳሌ ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ለመማር ያመለከተ ወጣት ለምን እንደመረጠው ሲጠየቅ «አገሬን ለማሳደግ» ቢል፣ መልሱ ቅን ቢሆንም ከእሱ በፊት የገቡትም ብለውታል፤ ጠያቂው የሚጽፈው ነገር አያገኝም። ያው ወጣት ግን በሰፈሩ የተቃጠለ የእንጀራ ምጣድ የሚጠግን ከሆነ፣ የተበጠሰው ሽቦ ተጎትቶ ሲቀጠል እንደሚያጥር፣ ሲያጥር ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሙ እንደሚቀንስ፣ ስለዚህም ብዙ ኃይል ስቦ ከበፊቱ ይልቅ እንደሚግልና ቶሎ ተመልሶ እንደሚበጠስ፣ ይህንንም ያስተዋለው የጎረቤቱ ምጣድ በአጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ሲመጣበት መሆኑን ቢናገር፣ ፊዚክሱም፣ ትዕግሥቱም፣ ሰፈሩም በአንድ መልስ ውስጥ ይታያሉ። እንግሊዝኛው ቢሰባበርም ሐሳቡ ይሰማል። «ከዚያስ ምን አደረግህ?» የሚለው ተከታይ ጥያቄ የሚመጣው ለእንዲህ ያለው መልስ ነው፤ ተከታይ ጥያቄ መምጣቱም ቃለ መጠይቁ መልካም እየሄደ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ቃለ መጠይቅ በአገር አቀፉ ምደባም ይጨመር የሚል ሐሳብ ቢቀርብ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም። ቁጥር ደንቆሮ ቢሆንም አያዳላም፤ የተማሪውን ጫማ፣ የእንግሊዝኛውን ቅላፄና የአባቱን ስም አያውቅም። በብዙ መቶ ሺህ ተፈታኞች ላይ ቃለ መጠይቅ ቢደረግ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲያወራ ያደገው የውድ ትምህርት ቤት ልጅ ከአቃቂው የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ቀድሞ እንደሚወጣ፣ የስልክ ትእዛዝና የዘመድ አማላጅም በበሩ እንደሚሰለፍ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። የሚሻለው ፈተናውን እንዳለ ትቶ ንግግርን ወደ ክፍል መመለስ ነው፤ መምህሩ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹን ተራ በተራ አቁሞ የሠሩትን ነገር እንዲያስረዱና ከጓደኞቻቸው ለሚመጣ ጥያቄ እንዲመልሱ ቢያደርግ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። በክፍሉ ያለው ሰባና ሰማንያ ተማሪ ከሆነ ግን ተራ ለመድረስ ወራት እንደሚፈጅ አይካድም።

ለወላጆች አንድ ነገር መነገር አለበት። ለጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ ክፍያ የለም፤ ቅጹ የሚገኘውም ከኤምባሲው ነው። «ቃለ መጠይቁን አሳልፋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ያጋጠመው ቤተሰብ አንድ ብር እንኳ ሳይቆጥር ከበሩ ይመልሰው።