ክፍሉም ይለመዳል

«ለምዶታል፣ ምንም አይለውም» ሲባል በሰማሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ሞርፊን፣ ሄሮይንና ትራማዶል ሲደጋገሙ እንደሚለመዱ፣ የትናንቱ መጠን ለዛሬ እንደማይበቃ ሁሉም ያውቃል። ሰውነት መድኃኒቱን የሚለምደው ከነቦታው መሆኑን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ሎሚ ሲቆረጥ ያየ ሰው ሳይቀምስ አፉ ምራቅ ይሞላል፤ ሰውነቱ ኮምጣጣውን ሊያለዝብ ቀድሞ ይሰናዳል። ሞርፊን ሕመምን ያደነዝዛል፣ ትንፋሽን ያዘገያል። የለመደ ሰውነትም መርፌውን፣ ሰዓቱን፣ የክፍሉን ሽታ ሲያውቅ ተቃራኒውን ይጀምራል። ዊክለር የተባለው ሐኪም በኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን፣ መድኃኒቱን ካቆሙ ወራት ያለፋቸው ሕሙማን ስለሱ ሲያወሩ ብቻ ሲያዛጉና አፍንጫቸው ሲፈስ ያየው ይህንኑ ስንዱነት ነው።

ቦታው ሲለወጥስ? በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሼፐርድ ሲገልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተሙትን ሙከራ ስንቴ እንዳነበብኩት አላውቅም። አይጦችን በአንድ ክፍል ሄሮይን፣ በሌላው የስኳር ውሃ፣ ቀን እያፈራረቁ ወጓቸው፤ የሄሮይኑንም መጠን ቀስ በቀስ ጨመሩ። በመጨረሻ ለሁሉም እኩል የሆነ ከባድ መጠን ሰጡ። ሄሮይን ነክቷቸው ከማያውቃቸው 96 በመቶ ገደማ ሞቱ፤ በለመዱት ክፍል ከተወጉት 32 በመቶ። እኩል ልማድ ኖሯቸው በስኳር ውሃው ክፍል ከተወጉት ግን 64 በመቶው አለቁ።

በ1986 ደግሞ ሲገል ከአንድ ባልደረባው ጋር የአንድ አባት ታሪክ ጻፈ። የቆሽት ካንሰር ታማሚ ነበሩ፤ ልጃቸው ደብዘዝ ባለው መኝታ ቤታቸው ሞርፊን ይወጋቸው ነበር። አንድ ቀን ብርሃን በሞላው ሳሎን ያንኑ መጠን ወጋቸው፤ ሞቱ። እንዲህ ያለውን ሞት ሁሉ «ከመጠን በላይ ወስዶ» ብለው የሚያልፉ ጸሐፊዎች ቢታረሙ ደስ ይለኛል።

ይህ ሞርፊንን ለመፍራት ምክንያት አይሆንም። በፍርሃት የተነሳ በሕመም የሚሰቃይ ካንሰር ታማሚ ብዙ አይቻለሁ። መድኃኒት ቤት ስሠራ አንድ ወጣት መስኮቱ ላይ ቆሞ፣ «አባቴን ለፋሲካ ወንድሜ ቤት ልወስዳቸው ነው፤ ያንኑ የሞርፊን መጠን ልስጣቸው?» አለኝ። ብዙው አስታማሚ ይህን አይጠይቅም፣ ይዞ ይሄዳል።

«መጀመሪያ ለሐኪማቸው ንገር» አልኩት። «ትራሳቸውንና ብርድ ልብሳቸውን ይዘህ ሂድ። ከሰጠሃቸው በኋላ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ ትንፋሻቸውን ቁጠር።»