ከጥራጊ ነዳጅ የሚያወጡ ኩባንያዎች በምን ሚዛን ይነጻጸሩ?

ቆሻሻን ወደ ነዳጅ እንለውጣለን የሚሉ ኩባንያዎች ለባለሀብትና ለመንግሥት የሚያቀርቧቸው ሰነዶች እጅግ ይመሳሰላሉ። በሁሉም ዘንድ ጥራጊው ያለዋጋ የሚገኝ ሀብት፣ ነዳጁም ንጹሕ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ኩባንያዎቹን ከፋብሪካቸው በሚወጣው ምርት ሳይሆን በፋብሪካቸው በር በሚገባው ጥሬ ዕቃ ለማነጻጸር እንሞክራለን፤ የአብዛኞቹ ዕድል የተወሰነው በዚያ በር ላይ ነውና።

በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው የፊንላንዱ ኔስቴ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2010 በሲንጋፖር፣ በ2011 ደግሞ በሮተርዳም ታላላቅ ፋብሪካዎችን ከፍቷል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዘንባባ ዘይት ላይ በመመሥረቱ ብርቱ ነቀፌታ ደርሶበት ነበር፤ ኋላ ግን ፊቱን ወዳገለገለ የምግብ ዘይትና ወደ እንስሳት ሞራ አዞረ። ሥራው ከነዳጅ ማጣሪያ ነባር ጥበብ ብዙም አይርቅም። በሞራው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን በሃይድሮጅን አማካይነት ተለይቶ ይወጣና የሚቀረው ፈሳሽ እንደ ናፍጣ ያገለግላል። በአሜሪካ፣ በሉዊዚያና ግዛት እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ የጀመረው ዳይመንድ ግሪን ዲዝል የሚከተለውም ይህንኑ መንገድ ነው። ልዩነቱ በባለቤትነቱ ላይ ነው፤ አንዱ ባለድርሻ ነዳጅ አጣሪው ቫሌሮ ሲሆን ሌላው ከየቄራው ተረፈ ምርት፣ ከየምግብ ቤቱም ዘይት የሚሰበስበው ዳርሊንግ ነው። አጣሪና ሰብሳቢ በአንድ ማኅበር መግባታቸው፣ በእኛ አስተያየት፣ ከብዙ የኬሚስትሪ ግኝት ይልቅ ጠቅሟል።

ወደ ከተማ ጥራጊ ስንመጣ ታሪኩ ይለወጣል። የካናዳው ኤነርኬም ከኤድመንተን ከተማ ጋር የ25 ዓመት ውል ተዋውሎ፣ በዓመት 100,000 ቶን ጥራጊ ተቀብሎ 38 ሚሊዮን ሊትር ነዳጅ ለማውጣት አቅዶ ነበር። ሜታኖልና ኤታኖል ማውጣቱ አልቀረም፤ ነገር ግን ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘጋ። በኔቫዳ፣ በሪኖ ከተማ አቅራቢያ የነበረው ፉልክረምም ዩናይትድ አየር መንገድን፣ ካቴይ ፓሲፊክንና ቢፒን ያህል ባለሀብቶች ከጎኑ አሰልፎ፣ በ2022 መጨረሻ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ድፍድፍ ካወጣ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ለኪሳራ ተዳረገ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ሁለቱም ጥራጊውን በከፍተኛ ሙቀትና በውሱን ኦክሲጅን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ድብልቅ ይለውጣሉ፤ ይህንንም ጋዝ በካታሊስት ወደ ፈሳሽ ያሸጋግሩታል። ካታሊስት ግን ቀበጥ ነገር ነው፤ ጥቂት ድኝ ወይም ክሎሪን ይመርዘዋል። የከተማ ጥራጊ በበኩሉ ዛሬ ካርቶን፣ ነገ እርጥብ ልጣጭ፣ ከነገ ወዲያ ፕላስቲክና የጠርሙስ ስባሪ ነው። መለየቱ፣ ማድረቁ፣ መፍጨቱ፣ ጋዙን ከዝፍትና ከአመድ ማጥራቱ ሁሉ ገንዘብ ይበላል፤ ያለዋጋ ተገኘ የተባለውም ጥሬ ዕቃ ውድ ሆኖ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2005 በኒውዚላንድ የተመሠረተው ላንዛቴክ ከሁለቱም ይለያል። ከብረት ፋብሪካ የሚወጣውን ጋዝ ለባክቴሪያ መግቦ ኤታኖል ያስጠምቃል፤ በ2018 በቻይና፣ በ2022 በቤልጅጉ ጌንት ከተማ በዚህ ዘዴ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ተከፍተዋል። ጥሬ ዕቃው ከአንድ ቧንቧ የሚመጣ ነው። ሆኖም የጋዙ መነሻ በአብዛኛው የድንጋይ ከሰል በመሆኑ ታዳሽ መባሉ ያከራክራል፤ ኩባንያውም በ2025 ከባድ የገንዘብ ችግር ገጥሞታል።

ሞራና ያገለገለ ዘይትም ቢሆን ገደብ አለው። ፍላጎቱ ሲበረታ፣ ከእስያ ወደ አውሮፓ በሚገባው ያገለገለ ዘይት ውስጥ ጥሬ የዘንባባ ዘይት ሳይቀላቀልበት አልቀረም የሚል ጥርጣሬ ተነሥቷል።

ጉዳዩ እኛንም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2017 በቆሼ በደረሰው ናዳ ከ110 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል፤ በማግሥቱ ዓመት በዚያው ሥፍራ የተመረቀው የረጲ ጣቢያ ጥራጊ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት እንጂ ነዳጅ ለማውጣት የተሠራ አይደለም። ከጥራጊያችን አብዛኛው እርጥብ የምግብ ትራፊ፣ አመድና አፈር ነው። ይህንኑ ጥራጊ ናፍጣ አደርገዋለሁ የሚል ኩባንያ ውል ይዞ ቢመጣ፣ በስንት በመቶ እርጥበት ላይ እንደሚሠራና ማድረቂያውን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል የጀመረው የፊንጫ ኤታኖል ጥሬ ዕቃው ሞላሰስ ነበር፤ ማንም ለቅሞ ሊያመጣው ሳያስፈልግ፣ ባሕርዩም ሳይለዋወጥ፣ ከዚያው ከስኳር ፋብሪካው የሚገኝ።