ላፕቶፑን በዴስክቶፕ ለመተካት፦ ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ሌሊት ታክሲ ተነድቶ፣ ቅዳሜና እሑድ ተጨማሪ ሥራ ተሠርቶ የተጠራቀመ ገንዘብ ነው። ልጅ ደግሞ «አባዬ፣ ላፕቶፑ አዲሶቹን ጌሞች አልችል አለ፤ እየጋለ ይንቀረፈፋል፤ ዴስክቶፕ ልገጣጥም» ይላል። አባት «ይሄ ከተገዛ ገና ሦስት ዓመቱ! ደሞ ሌላ?» ብሎ ይቆጣል። በብዙ ሐበሻ ቤት የሚሰማ ክርክር ነው። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም አላጠፉም። ገንዘቡ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ግን፣ አበው እንዳሉት፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ፕሮሰሰሩም ሆነ የጌሙን ምስል የሚሠራው ግራፊክስ ቺፕ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየዱ ናቸው። አንዱ ጊዜ ሲያልፍበት ለይቶ መቀየር አይቻልም። ስሙም ሰውን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኢንቪዲያ አር ቲ ኤክስ 4070 በዴስክቶፕ 12 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፤ ያንኑ ስም የያዘው የላፕቶፑ ግን 8 ብቻ ነው፣ ቺፑም ሌላ ነው። በዴስክቶፕ የደከመው ክፍል ብቻ ወጥቶ ይተካል። ትርፉም ይኸው ነው።

ታዲያ ምርጫው ከየት ይጀመር? ከስክሪኑ ነው። 1920 በ1080 የሆነው ስክሪን ሁለት ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉት፤ 4ኬ የሚባለው ደግሞ የዚያ አራት እጥፍ ነው። ለመጀመሪያው ስክሪን የሁለተኛውን ካርድ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ለጌም የሚገጣጠም ሰው ከበጀቱ ትልቁን ድርሻ ለግራፊክስ ካርዱ ይስጥ፤ የካርዱ ርዝመት ኬዙ ውስጥ መግባቱንም አስቀድሞ ይለካ።

ቀጥሎ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ይመጣሉ። ሁለቱ የሚገናኙበት ሶኬት አንድ ዓይነት ካልሆነ አይገጥሙም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤ ኤም ዲ ኤ ኤም 5 ሶኬት የሚቀበለው ዲ ዲ አር 5 ራም ብቻ ነው፤ የቀድሞው ኤ ኤም 4 ደግሞ ዲ ዲ አር 4 ነው። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ራሙ ባለ 16 ጊጋባይት ከመሆን አይነስ፤ 32 ቢሆን ይመረጣል። በአንድ ከመግዛት እኩል የሆኑ ሁለት መግዛት ፍጥነት ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የራም ዋጋ ክፉኛ ስለናረ፣ ባለፈው ዓመት የተሰማ ዋጋ ይዞ ገበያ መውጣት አያዋጣም። አንዳንድ ጌም ብቻውን ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሚወስድ ኤስ ኤስ ዲው 1 ቴራባይት ቢሆን አይበዛም።

ብዙዎች የሚቆጥቡበት ፓወር ሰፕላይ ግን የሚቆጠብበት አይደለም። መናኛው ሲበላሽ ሌላውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ለ4070 ኢንቪዲያ ራሱ የሚመክረው 650 ዋት ነው። የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ ደግሞ መሰካቱ ስለገጠመ ብቻ አይቀጠልበት፤ የውስጥ ሽቦው አቀማመጥ ሊለያይ ስለሚችል ዕቃውን ያቃጥላል።

ሒሳቡ ሲሠራ ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ማውስና የዊንዶውስ ፈቃድ አብረው ይደመሩ። ላፕቶፕ እነዚህን ይዞ ስለሚመጣ፣ ዴስክቶፑ ርካሽ የሚመስለው ሳይደመሩ ሲቀሩ ነው። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዶርም የሚያድር ልጅ ከሆነም ዴስክቶፑ ቢቆይለት ይሻላል።

አሮጌው ላፕቶፕ አይጣል። ለጌም ባይሆን ለትምህርት ይበቃል። ቻርጀሩ ላይ 100-240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት አገር ቤት ባለው 220 ቮልት ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የመሰኪያ መለወጫ ብቻ ነው። ለእህት ወይም ለወንድም ልጅ ከመላኩ በፊት ግን የባንክና የግል ፋይሎች ሙሉ በሙሉ ይደምሰሱ።

አባትና ልጅም በአንድ ወረቀት ላይ ይስማሙ፤ ልጅ የዕቃዎቹን ስምና መግጠማቸውን ይጻፍ፣ አባት ከጎኑ ዋጋውን ይደምር። ዕቃው ሲመጣ ልጅ ይገጣጥም፤ ደረሰኙንና የዋስትና ወረቀቱን አባት ያስቀምጥ።