ጃክ ሌላ ውሻ ሲያይ

«ውሻዬ ሌላ ውሻ ሲያይ ሰንሰለት ሊበጥስ ይደርሳል፣ ምን ላድርግ?» ብላችሁ ለጻፋችሁልኝ ነው ይህ።

የእኔም ውሻ ጃክ እንደዚያው ነበር። ሰው አይነካም፣ የጎረቤት ልጆች ጆሮውን ቢጎትቱት ዝም ይላል። የባሌ ሮቤ መንገድ ላይ ሌላ ውሻ ካየ ግን የጀርባው ጸጉር ይቆም ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ስሙን ብጠራው አይሰማኝም ነበር።

እኔም አባስኩት። ሰንሰለቱን አሳጥሬ እይዝ ነበር፣ ሲጮኽ በዱላ እመታው ነበር። ቡችላ ሳለ የሰፈር ውሾች ከበው ነክሰውታል፤ የሚጮኸው ከፍርሃት ነበር። ስመታው ውሻ በታየ ቁጥር ሕመም እንደሚከተል አስተማርኩት። አጥብቄ ስይዘው ደግሞ መሸሻ አሳጣሁት፤ መሸሻ ያጣ ውሻ ይናከሳል።

የረዳን ርቀት ነው። ሌላው ውሻ ገና ከሩቅ ሲታይ፣ ጃክ ሳያጉረመርም፣ ቆም ብዬ ቁራሽ ሥጋ እሰጠዋለሁ። ውሻው ከዓይን ሲርቅ ሥጋውም ያበቃል። ከሳምንታት በኋላ ውሻ ሲያይ ፊቱን ወደ እኔ ማዞር ጀመረ። ርቀቱን የቀነስነው በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ በቸኮልኩ ቀን ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሰናል። ጠባብ መንገድ ላይ ከተገጣጠምን ዞሬ እሄዳለሁ። በገበያ ቀን አላወጣውም። የአፍ ማሰሪያ ከተጠቀማችሁ ማለክለክና ውሃ መጠጣት የሚያስችለው ሰፊ ይሁን። ከተናከሱ ደግሞ እጃችሁን መሃል አታስገቡ።

አንድ ነገር ለዩልኝ፦ ሰላማዊ የነበረ ውሻ በድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው ማሠልጠኑን ተዉት። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላልና አትቅረቡት፤ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

እኛ ባሌዎች የውሻ ጠብን ቀላል ነገር አድርገን ማየት አንችልም። የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ፣ በተለይም በንክሻ ይተላለፋል። እዚህ ከተማ የተነከሰ ውሻ ከብት የሚከተለውን ውሻ ይነክሳል፤ ያ ውሻ ከከብቱ ጋር ለጎዳንቱ፣ ማለትም ለወቅታዊ ግጦሽ፣ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ደጋው ላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው በእነዚህ ተራሮች ወዳለው ዌብ ሸለቆ ሲገባ ከሸለቆው ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። በ2008 እና በ2014 ተመልሶ መጥቷል። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ሠራተኞች በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ መንደር ለመንደር እየዞሩ ውሾች የሚከትቡት ለዚህ ነው። ፈረስ የማይወጣበት አቀበት ድረስ የሚደክሙ ሰዎች ናቸው፤ ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ።

እኔን የሚያሳዝነኝ እኛ የከተማ ሰዎች ክትባቱን ለእረኞች መተዋችን ነው። ጃክ በየዓመቱ ይከተባል፤ ጠባዩ ከመሻሻሉ በፊትም ይከተብ ነበር።

ከሮቤና ከጎባ እስከ አንገቱ ከተማ ያላችሁ፣ ውሻችሁ ሦስት ወር ከሞላው አስከትቡት። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ እባካችሁ እስኪታይ አትጠብቁ።